60 ሳንቲ ስቶቭ፣ 59 ሳንቲ ክፍተት፦ ጥያቄዬና የመለሳችሁልኝ በየተራው

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ እየሰለቸው የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ ሰብስቤ ከጥያቄው ሥር አስቀምጫለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ፍሬ ነገሩን ነው የወሰድኩት። ያልተስማማሁበት ቦታ አለ፣ እሱንም ከነምክንያቱ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው የእናቴ ቤት ኩሽና ውስጥ ሁለት የኮንክሪት ጠረጴዛዎች አሉ፤ ላያቸው ግራናይት፣ ጎናቸው ሴራሚክ። በመሃላቸው ለስቶቭ ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። ግንበኛው ክፍተቱን 63 ሳንቲ አድርጎ ትቶት ነበር። በኋላ የሴራሚክ ሠራተኛ መጥቶ ሁለቱንም ጎን ሲያለብሰው ሴራሚኩ ከነሲሚንቶው በየጎኑ ሁለት ሳንቲ ያህል በላ፤ ግራናይቱም ከሴራሚኩ ጋር ልክ ለልክ ሆኖ ተቀመጠ። አሁን ክፍተቱ ከፊት 59 ከግማሽ፣ ከኋላ ግድግዳው ጋ 59 ነው። ከዚሁ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተገዛው አዲስ ስቶቭ ካርቶኑ ላይ 60 በ60 ይላል፤ ሦስት ጋዝ፣ አንድ ኤሌክትሪክ፣ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ኦቨን። ሻጩ ካርቶኑ ከተከፈተ አልመልስም ብሏል። ሴራሚኩን ላስነሳ፣ ግራናይቱን ላስቆርጥ፣ ወይስ ስቶቩን ሸጬ ባለ 50 ልግዛ?

1ኛው መላሽ ትሁት ወንድም ነው። እናቴን ሰላም በይልኝ ካለ በኋላ የለካሁት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ክፍተት ከላይ፣ ከመሃልና ከወለሉ አጠገብ፣ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ይለካል፤ ከሁሉም የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው አለ። ሜትሬን ይዤ ተንበረከክኩ። ከላይ 59 የነበረው ወለሉ ጋ 58 ሆኖ አገኘሁት፤ በግራ በኩል ያለው ዞኮሎ (ግርጌው ላይ የሚለጠፈው ጠባብ ሴራሚክ) ከሴራሚኩ ላይ አንድ ሳንቲ ወጣ ብሎ ተለጥፏል። ማንም ሰው ቆሞ ሲለካ ይህ አይታየውም። ከላይ ግራናይቱን ብቻ ያስቆረጠ ሰው ስቶቩን ሲገፋ እግሩ ዞኮሎው ላይ ተሰክቶ ይቀርበታል።

2ኛው ደግሞ ስቶቩንም ለኪ አለኝ። ካርቶን ላይ የሚጻፈው 60 የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ገላው አንድ ነገር፣ ከላይ ያለው ሳህን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እውነቱን ነው። የኔው ገላው 59 ሳንቲ ከ4 ሚሊ፣ የላይኛው ሳህን 59 ከ8 ሚሊ ሆነ። 3ኛዋ እህት እሷም እንዲሁ እንደገጠማት ጽፋ መልሱን እንደምትጠብቅ ተናገረች።

ጸቡ የተነሳው በ4ኛው ነው። ስቶቩን ከጎንና ከጎን የሸፈነውን ላሜራ በብሎን ፈትቶ በማውጣት በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ማትረፍ እንደሚቻል፣ እሱም ቤቱ ውስጥ እንዲህ አድርጎ እንዳስገባው ጻፈ። ለእኔ ያሰበ ሰው ነው፣ ወጪ ላድንላት ብሎ ነው። ነገር ግን 5ኛው፣ የመብራት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ በቁጣ መጣበት። አቦ ሰው ቤቱን እንዲያቃጥል ነው የምታስተምረው ብሎ ጀመረና ምክንያቱን ዘረዘረ። ከላሜራው ሥር ያለው የኦቨኑን ሙቀት የሚይዝ የመስታወት ሱፍ ነው፤ ላሜራው ሲነሳ ሱፉ ይላላል፣ ይራገፋል። ሽቦዎቹ የሚያልፉት በዚያው በጎን ነው። የመሬት ሽቦውም የታሰረው ከብረቱ ገላ ጋር ነው። ገላው ከተፈታ ስቶቩ ሰው ቢነዝር የሚያድን ነገር አይኖርም። 6ኛው ይህን ደግፎ የጎረቤቱን አነሳ፦ እንዲሁ ላሜራው የወጣለት ኦቨን አጠገቡ ያለውን የቺፕውድ ካቢኔት ቀስ በቀስ ቡናማ አድርጎት፣ በመጨረሻ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። 4ኛው በ8ኛ ቁጥር ተመልሶ የኔው እስካሁን ምንም አልሆነም ብሎ ተከራከረ፤ ቃሉም መረር ያለ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እስካሁን ምንም አልሆነም የሚለውን እናቴ ለምትቆምበት ምድጃ መተማመኛ አላደርገውም። ድንጋይ ቢቆረጥ በሲሚንቶ ይጠገናል። ፋብሪካ ገጥሞ የላከውን እሳት የሚያነድ ዕቃ ግን እኛ ፈትተን እንደነበረ አንመልሰውም። የሚነካ ነገር ካለ የሚነካው ቤቱ ነው፣ ስቶቩ መነካት የለበትም።

7ኛዋ፣ ነገሩን በእርጋታ የያዘች እህት፣ ባለ 50ውን ግዢና ተገላገይ አለች። በየጎኑ አራት ሳንቲ ይቀራል፣ እጅ ይገባል፣ መጥረጊያ ይገባል፣ አየር ያልፋል። ብቻዋን ወይም ከባሏ ጋር ለምትኖር ሴት ይህ ከሁሉም የሚሻል ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። እኛን ያላስማማን በ10ኛው የተነሳው ነው። ብዙ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው የጻፉት፤ ባለ 50 ላይ የበዓል ዶሮ ወጥ ድስትና የሽንኩርቱ ድስት ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ እጀታው ከእሳቱ ላይ ይወጣል አሉ። የእናቴም ቤት በበዓል ሰው የሚሞላው ነው። ስለዚህ 60ው ይቆይ ተባለ።

9ኛው የሴራሚክ ሠራተኛ ነው። ከሁሉም ረጅሙ መልስ የእሱ ነው፣ ለእኔም ከሁሉም የጠቀመኝ። መጀመሪያ ያለው ሴራሚኩን ብቻ ማስነሳት ዋጋ እንደሌለው ነው፤ ግራናይቱ ከሴራሚኩ ጋር እኩል ስለቆመ ሴራሚኩ ቢነሳ የድንጋዩ ጠርዝ እዚያው ይቀራል። ግራናይቱን ብቻ መቁረጥም አያዋጣም፣ ከሥር ሴራሚኩ ይይዛል። ሁለቱም በአንድ ጎን አብረው መነሳት አለባቸው። ጎኑም ዞኮሎው ወጣ ያለበት የግራው ይሁን፣ በአንድ ሥራ ሦስቱም ይፈታሉ አለ።

አሠራሩን እንዲህ አስረዳ። ግራናይቱ ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል፣ መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ዲስኩ ጠርዙን እንዳይሸርፈው። የሚቆረጠው በአልማዝ ዲስክ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ነው። በአንድ ጊዜ እስከ ታች አይገባም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ ቀስ በቀስ ነው፣ አለበለዚያ ድንጋዩ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ሴራሚኩን ለማንሳት ደግሞ መጀመሪያ በጣት ወይም በመሮ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሲሚንቶው ያልያዘው ነው፣ ከእሱ ይጀመራል። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የጠረጴዛው ፊት ለፊት ካለው ሴራሚክ ጋር የሚገናኝበት መስመር በዲስክ ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ዞሮ ወደሚታየው ፊት ይሄዳል። መሮው ተጋድሞ ነው የሚገባው፣ ቀጥ ብሎ አይደለም። ሴራሚኩ ከተነሳ በኋላ ኮንክሪቱ ላይ የቀረው ሲሚንቶ ተጠርቦ፣ በስሱ ተለስኖ፣ የዘይት ቀለም ይቀባል። ስቶቩ ሲገባ አይታይም፣ ቅባት ሲያርፍበት ግን ይጠረጋል።

አቧራውን አስመልክቶም አስጠነቀቀ። ውሃ እየፈሰሰም ቢሆን ምግብና ልብስ ከቤቱ ይውጣ፣ በር ይዘጋ፣ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። የግራናይት አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ይህን በጣም አክብሬዋለሁ፤ የራሱን ሙያ ጉዳት ደብቆ ሥራ ለማግኘት ያልሞከረ ሰው ነው።

11ኛው የባቡር ድርጅት ጡረተኛ ናቸው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና እንዲህ ያለ ክር ላይ ባቡር መነሳቱ አይቀርም። በአንድ ሜትር ስፋቱ ሐዲድ ላይ ሲሠሩ ሐዲድና ሐዲድ ሲገጣጠም መሃሉ ላይ ክፍተት ይተዉ እንደነበር፣ ብረቱ በድሬ ፀሐይ ሲረዝም መግቢያ ካጣ እንደሚጎብጥ ተረኩ። ስቶቭም እንደ ሐዲዱ ነው፣ ተጣብቆ አይቀመጥም አሉ። 12ኛው ወጣት ትንሽ ድፍረት ባለው አነጋገር አረማቸው፦ 60 ሳንቲ ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው ከ1 ሚሊ በታች ነው፤ ክፍተት የሚያስፈልገው ለመለጠጡ ሳይሆን ለአየሩና ስቶቩን ጎትቶ ለማውጣት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። አባታችንም ቅር አላላቸውም፣ ልጁን አመስግነው የከዚራን የድሮ ባቡር ሠራተኞች ቤቶች፣ ከፍ ያለውን ጣሪያቸውንና ሰፊ በረንዳቸውን ማውራት ቀጠሉ።

ከ13 እስከ 16 ያለው ከርዕሱ ወጥቷል፣ ግን ደስ የሚል ነበር። 13ኛዋ ሐረር ጁገል ውስጥ የምትኖር እህት ናት፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የቆየ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል፣ ቤቱ ደግሞ በቅርስነት የሚጠበቅ ስለሆነ እንደልብ እንደማይቆረጥ ገለጸች። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሷ ስቶቩን ከግድግዳው አርቃ፣ የብረት እግር ባለው ጠረጴዛ አጠገብ ለብቻው አቆመችው። 14ኛው ሐረር ላይ ባቄላ ከድሬ ይልቅ ቆይቶ እንደሚበስል ሲያነሳ፣ 15ኛው ምክንያቱን ሰጠ፦ ሐረር ወደ 1,850 ሜትር፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ድሬ ላይ በ96 አካባቢ ይፈላል። ከዚያ የሐረርና የድሬ ምግብ ንጽጽር ተጀመረ። 16ኛው፣ እባካችሁ እህታችን ስቶቭ ይዛ ቆማለች ብሎ መለሰን።

17ኛው ሁላችንም ያለፍነውን ነገር አነሳ፦ ከስቶቩ ጋር የመጣውን ደብተር። እዚያ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ባለው ታርጋ ላይ ክላስ 1 ከተባለ ለብቻው ቆሞ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ክላስ 2 ንዑስ 1 ከተባለ በሁለት ካቢኔቶች መካከል ሊገባ ይችላል። ከጎኑ ምን ያህል ክፍተት እንደሚፈልግም ደብተሩ ላይ ይጻፋል። የኔው ሁለቱንም ዓይነት አቀማመጥ የሚፈቅድ ሆኖ ተገኘ። ክላስ 1 ብቻ ቢሆን ኖሮ 9ኛው የዘረዘረው ሥራ ሁሉ ቢሠራም አላስገባውም ነበር።

18ኛው ስለ ጋዙ ነው፤ ከዚህ ጀምሮ ያለውን ሁሉም ሰው እንዲያነበው እለምናለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ስፋቱ ሲጨነቅ የጋዙ ጎማ የት እንደሚያልፍ አይጠይቅም አለ። ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስቶቩ ወደ ኋላ ሲገፋ ጎማው በጀርባውና በግድግዳው መካከል ይጨፈለቃል፣ ወይም ትኩስ የኦቨን ጀርባ ላይ ተጋድሞ ይደርቃል። ጎማው ከሜትር ተኩል ባይበልጥ፣ ከኦቨኑ ጀርባ ርቆ በጎን በኩል ቢወርድ፣ ሁለቱም ጫፉ በክላምፕ ቢታሰር ጥሩ ነው። 19ኛዋ ሲሊንደሩን በጎን ያለው ዝግ ካቢኔት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። 20ኛው አይቻልም አለ፦ ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዝግ ካቢኔት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይጠራቀማልና ሽታው እስኪሰማ ብዙ ይቆያል። ሲሊንደሩ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቆሞ ይቀመጥ። ግቢ ከሆነም ጥላ ሥር ይሁን፣ የድሬን የቀትር ፀሐይ የምታውቁት ነው። 21ኛው ጎማው ግድግዳ ካለፈ በቀዳዳው ውስጥ ቧንቧ ይግባለት፣ ጥሬ ሲሚንቶ ይልጠዋል ሲል ጨመረ። 22ኛው ማፍሰሱን በክብሪት የሚፈትሹ ሰዎችን አይቶ ስለደነገጠ ተቆጥቶ ነው የጻፈው። የሳሙና አረፋ ይቀባል፣ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል፤ ክብሪት በፍጹም።

23ኛው ከሌላ አገር የመጣ ስቶቭ ቀዳዳው ለቧንቧ ጋዝ የተስተካከለ ሊሆን እንደሚችል አስታወሰ። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ ጂግለሩ (ጋዙ የሚወጣበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) ለቡታጋዝ በሚሆነው መቀየር አለበት፤ ብዙ ጊዜ በፌስታል ተጠቅልሎ ኦቨኑ ውስጥ ይመጣል። የኔው ውስጥ ነበር።

5ኛው የመብራት ሠራተኛ በ24ኛው ተመለሰ፣ አሁን ረጋ ብሎ። የስቶቩ ታርጋ የኦቨኑንና የኤሌክትሪኩን ፕሌት ደምሮ 3.5 ኪሎዋት ስለሚል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣዱም ወደዚያው ይጠጋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከተነሱ ከ30 አምፔር በላይ ይሆናል፣ በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይህን መሸከም ዘበት ነው። ለስቶቩ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ 4 ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይምጣለት። ሶኬቱ ከስቶቩ ጀርባ አይሁን፣ በጎን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ቢያስፈልግ ስቶቩን ጎትተው ሳያወጡ እንዲጠፋ። 25ኛው ማከፋፈያ ገመድ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በአጭሩ አገኘ፤ አይቻልም።

26ኛዋ ያመጣችው ነገር ለድሬ ቤት በተለይ ይሆናል። ኩሽናችን በውሃ ስለሚታጠብ ወለሉ ወደ መውረጃው ያዘነብላል። ስቶቩም አብሮ ያዘነብላል፤ ኬኩ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ይሳሳል፣ ዘይቱ በመጥበሻው ጥግ ይጠራቀማል። ስለዚህ ስቶቩ ከመገፋቱ በፊት እግሮቹ በውሃ ልክ ይስተካከሉ፤ ጠባብ ክፍተት ከገባ በኋላ የኋላ እግሮቹን ማንም አይደርስባቸውም። 27ኛው የኦቨን በር ተከፍቶ ሕፃን ቢወጣበት ስቶቩ ወደ ፊት ሊገለበጥ እንደሚችል፣ ከኋላ የሚታሰረውን ሰንሰለት ወይም ብረት አውጥታችሁ አትጣሉ ብሎ አስጠነቀቀ። 28ኛው ከላይ ያለውን አየ፦ ከጋዙ በላይ የእንጨት ካቢኔት ካለ ቢያንስ 75 ሳንቲ ይራቅ፣ መጋረጃም አጠገቡ አይንጠልጠል፣ የመስታወት ክዳኑም ሲከፈት ግድግዳውን አይምታ።

ከ29 እስከ 33 የበረሮ ጦርነት ነው። ስድስት ሚሊ ክፍተት በየጎኑ መተው ማለት ዘይትና ፍርፋሪ ገብቶ በረሮ ማርባት ነው ያለች እህት አለች፤ ጠንከር ያለ አነጋገር ነበራት፣ ወንዶቹ ሁሉ ስለ ሽቦ እንጂ ስለ ጽዳት አላወሩም አለች። ትክክል ነች። 30ኛው በሲልከን ይዘጋ አለ። 31ኛው ተቃወመ፤ በሲልከን የተጣበቀ ስቶቭ ጎማው ሲያረጅ እንዴት ይወጣል? 32ኛው ያስታረቀው፦ ቲ ቅርጽ ያለው የአይዝጌ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል የጎማ ሽፋን አለ፣ ከላይ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲፈለግ በእጅ ይነሳል፣ ይታጠባል። በ33ኛ ቁጥር ያቺው እህት በዚህ ተስማምታ በየጊዜው ስቶቩ ተጎትቶ ከኋላው ይጠረግ ስትል አከለች።

አሁን ያለበት ሁኔታ፦ ግራናይቱ፣ ሴራሚኩና ዞኮሎው በግራ በኩል ተነሥተዋል። ክፍተቱ ከፊት 61 ከግማሽ፣ ከኋላ 61 ሆኗል፤ ከወለሉም 61። ስቶቩ ገብቶ በየጎኑ ከኋላ 6 ሚሊ ያህል ቀርቷል። የፊቱ ሴራሚክ አልተሰነጠቀም። አዲሱ ሽቦ ተስቧል፣ ሲሊንደሩ በኩሽናው መስኮት አቅጣጫ ከውጭ ጥላ ሥር ቆሟል። እናቴ ዶሮ ወጥና ሽንኩርት ጎን ለጎን ጥዳ ሞክራዋለች።

34ኛው ይህን ሁሉ ወጪ ከምታወጪ ሸጠሽው ብትገላገዪ ይሻል ነበር ብሎ ወቅሶኛል። ለእሱ ኪስ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት ግን የተከፈተ ካርቶን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ትንሽ ስቶቭ መግዛት ከቆራጩ የእጅ ዋጋ ይበልጥ ነበር። 35ኛው ዋጋውን ጠይቋል። የድንጋይ ቆራጭ ዋጋ በሜትር ሳይሆን መጥቶ አይቶ ስለሆነ ከሌላ ቤት ጋር አይመሳሰልም፣ ለዚህ አልጻፍኩትም። 36ኛው የጠየቀው ፍሪጅ በጠባብ ቦታ ስለማስገባት ነው፤ የኋላውን አየር የሚመለከት ሌላ ነገር ስለሆነ ለብቻው ክር ይክፈት።

የቀረኝ 32ኛው ያለው ባለ ቲ ሽፋን ነው። ታይዋን ገበያም ቀፊራ ገበያም ጠይቄ ለ6 ሚሊ የሚሆን ቀጭን አላገኘሁም፣ ያለው ሁሉ ወፍራም ነው። ድሬ ወይም ሐረር ላይ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ፣ ወይም ከአይዝጌ ብረት አጥፎ የሚሠራ ላሜራ ሠሪ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ።